ትሬዞር፣ በርሊን፦ ካዝናው የበርሊን፣ ውስጡ ያለው የዲትሮይት

ቀድሜ ልናገር፤ እኔ የጭፈራ ቤት ሰው አይደለሁም። አርባን አልፌያለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ቅዳሜ ማታ የምወደው ነገር ቢኖር ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ኳስ ማየት ነው። ግን የአክስቴ ልጅ አለች፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች የ24 ዓመት ልጅ። «ጋሼ፣ ትሬዞር ሳትገባ ጀርመን ኖርኩ እንዳትል» እያለች ከዓመት በላይ ስትነዘንዘኝ ቆይታ ባለፈው ወር ተሸነፍኩላት። እማዬ በስልክ ስትሰማ «ለጭፈራ አራት ሰዓት ባቡር? እዚያው ሰፈራችሁ ዘፈን የለም?» አለችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም።

ለማያውቅ ሰው፦ ትሬዞር በርሊን ኮፐኒከር ሽትራሰ ላይ ያለ የቴክኖ ክለብ ነው፤ ቴክኖ በማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ሕንፃው ድሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት ፋብሪካ እንጂ መዝናኛ አይመስልም። ትሬዞር በጀርመንኛ ካዝና ማለት ነው። ስሙ ለማሳመር የወጣ እንዳይመስላችሁ፣ ክለቡ የተወለደው እውነተኛ ካዝና ውስጥ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ በሩን እንለፍ።

በር ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ክለብ በር ላይ ሦስት ሆነን ቆመን ነበር፣ ሦስታችንም ሀበሻ። ሰልፉን ጨርሰን ስንደርስ በረኛው ከላይ እስከ ታች አየንና «ዛሬ አይሆንም» አለ። በቃ። ከኋላችን የነበሩት፣ እንደኛው ጂንስና ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ፈረንጆች፣ ሰተት ብለው ገቡ። ምክንያት አይነገርም፣ የክለብ በር ሕጉ ይህ ነው፤ ስለዚህ «በቀለማችን ነው» ብለህ መክሰስ አትችልም፣ «በቀለማችን አይደለም» ብለህ መተኛትም አትችልም። ከዚያ በኋላ እንደዚህ ያለ ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ትሬዞር በር ላይም ተረብሾ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ዘና ብላ ማስቲካ ታኝካለች። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ዛሬ ማን እንደሚጫወት ታውቁ እንደሆነ ጠየቀችን፣ ልጅቷ የዲጄዎቹን ስም በርበሬ እንደሚቆጥር ነጋዴ ደረደረችላት፣ ገባን። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ፊቴ ላይ «ዘመድ አምጥቶኝ ነው» የሚል ተጽፎ ይሆናል።

ስልካችን ካሜራ ላይ ተለጣፊ ተለጠፈበት። ፎቶ የለም። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ዳንስ የሚመሰክር ማስረጃ የለም ማለት ነው።

ወደ ምድር ቤቱ የሚወስድ ረጅም የኮንክሪት መተላለፊያ አለ። ሙዚቃው መጀመሪያ የሚደርሰው ጆሮህ ጋ ሳይሆን ደረትህ ጋ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ጭሱ እንደ ቡና ቤት እጣን ሳይሆን እንደ ደጋ ጉም ጥቅጥቅ ያለ፤ ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ብልጭ የሚለው መብራት ሲበራ ብቻ ይታየኛል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ዲጄው የሚጫወተው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው፣ እስር ቤት ጥየቃ የሄድክ ይመስልሃል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የአደራ ሳጥኖች አሉ። ባንክ ቤት ወርቅና ሰነድ የሚቀመጥባቸው፣ ትንንሽ በር ያላቸው፣ በመደዳ የተደረደሩ የብረት ሳጥኖች። ዝገዋል። አንዳንዶቹ በራቸው የለም፣ ሌሎቹ ተጣመዋል። እጄን አንዱ ላይ ጫን ሳደርግ ቤዙ በመታ ቁጥር ብረቱ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። መዳፌን ሳነሳ የዝገት ቀለም ይዟል። ሌሊቱን ሙሉ ካየሁት ነገር ልቤ ውስጥ የቀረው ይኸ ነው።

ታሪኩን እነግራችኋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሳጥኖቹ ከድሮው ቦታ ተነቅለው የመጡ ናቸው። ድሮ ቦታው ላይፕሲገር ሽትራሰ ነበር፣ ቨርትሃይም የሚባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ካዝና። ቨርትሃይሞች ትውልዳቸው አይሁድ ነው፤ ናዚዎች ንግዳቸውን ነጠቋቸው። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው ፈረሰ፣ ካዝናው መሬት ውስጥ ቀረ፣ አጠገቡ የበርሊን ግንብ ተሠራ፣ ቦታው የማንም ያልሆነ ባዶ መሬት ሆነ። ግንቡ ሲፈርስ ዲሚትሪ ሄገማን የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ካዝናውን አገኘውና በማርች 1991 ክለብ አደረገው። በ2005 መሬቱ ለቢሮ ሕንፃ ተፈልጎ ተዘጋ፣ በ2007 አሁን ያለበት ቦታ ተከፈተ። እንግዲህ በዘራቸው ምክንያት የተዘረፉ ሰዎች ካዝና ውስጥ መጀመሪያ የነገሠው ሙዚቃ የማን ሙዚቃ መሰላችሁ? የአሜሪካዋ ዲትሮይት ጥቁሮች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ እንኳ፣ ያን ሁሉ የዲጄ ስም የምትደረድረው ልጅ፣ ቴክኖ የጀርመን ነው ብላ ነው ያደገችው። ትምህርት ቤት ጓደኞቿ «እናንተ ደግሞ ራፕ አይደል የምትሰሙት?» ይሏት ነበር። ቴክኖ መውደዷን ጥቁርነቷን እንደመሸሽ የቆጠሩባትም አሉ፣ ከኛው ሰዎች ጭምር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዲት እናት «ልጅቷ የፈረንጅ ጩኸት ነው የምትሰማው» ብለው ሲያዝኑላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የፈረንጅ ጩኸት የተባለው ነገር እንዲህ ነው የተጀመረው። ዲትሮይት የመኪና ከተማ ነበረች፤ በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፣ በ1990 ወደ አንድ ሚሊዮን ወርዷል። ነጮቹ ወደ ዳር ወጡ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሞታውን የሚባለው ዝነኛው የሙዚቃ ድርጅት እንኳ በ1972 ጓዙን ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ገባ። ከከተማዋ ወጣ ብላ ቤልቪል የምትባል ቦታ ሦስት ጥቁር ልጆች አብረው ይማሩ ነበር፦ ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን። ማታ ማታ ሬዲዮ ላይ ሞጆ የሚባል ሰው ነበር። ይኸ የጥቁር ነው ያ የነጭ ነው ሳይል ፕሪንስን፣ ፓርላመንት የሚባለውን ባንድ፣ የጀርመኖቹን ባንድ ክራፍትቨርክን አደባልቆ ይለቅ ነበር። ልብ በሉ፣ ጀርመን መጀመሪያም በነገሩ ውስጥ አለችበት። ልጆቹ ሮላንድ የሚባለው ኩባንያ የሠራውን ድራም ማሽን (ከበሮ የሚመታ ማሽን) ያዙ። 808 የሚባለው ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ተሠርቶ ቆመ፤ እንደ እውነተኛ ከበሮ አይሰማም ተብሎ ብዙ ሙዚቀኛ ናቀው፣ ያገለገለው በርካሽ ይሸጥ ነበር። የተናቀውን ዕቃ አንስተው ስለ መንኮራኩር፣ ስለ ሮቦት፣ ስለ ሌላ ዓለም ሙዚቃ ሠሩበት። የከተማቸውን የፋብሪካ ሥራ ሮቦት ወስዶታል፤ ልጆቹ ሮቦቱን ይዘው አዘፈኑት። በ1988 ለንደን ውስጥ ሥራቸው በአንድ ሸክላ ተሰብስቦ ሲወጣ መጀመሪያ «የዲትሮይት ሃውስ» (ሃውስ ሌላ የጭፈራ ሙዚቃ ዓይነት ነው) ሊባል ነበር፣ በመጨረሻ «ቴክኖ» ተባለ፣ ስሙም ከዚያ በኋላ ጸና።

ከነሱ ቀጥሎ የመጡት ደግሞ ነገሩን አከረሩት። ማይክ ባንክስና ጄፍ ሚልስ፣ ወዲያው ሮበርት ሁድም ተቀላቅሎ፣ አንደርግራውንድ ሪዚስታንስ የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ፊታቸውን በጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ሙዚቃውን ስማ፣ መልኬን ተወው ነው ነገሩ። ትሬዞር የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የመጀመሪያው ሥራ የእነሱ ነበር፣ 1991። ድሬክሲያ የሚባሉት የዲትሮይት ሙዚቀኞችም እዚህ አሳትመዋል። እነሱ የፈጠሩት ተረት እስካሁን ያስደነግጠኛል፦ ከባሪያ መርከብ ወደ ባሕር የተጣሉ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያን ሴቶች ልጆቻቸውን ውኃ ውስጥ ወለዱ፣ ልጆቹ መተንፈስ ለመዱ፣ ከባሕሩ በታች ሀገር መሠረቱ። ይኸን የሚያህል ሐዘን የያዘ ሙዚቃ ቃል የለውም ማለት ይቻላል። ከሞላ ጎደል ከበሮና ማሽን ነው። «ጩኸት» ያሉት እትዬ ይኸን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አሰብኩ።

ወደ ክለቡ ልመለስ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አየር ልቀበል ብዬ ወጣ ስል አንድ ፀጉሩ የተላጨ ጀርመናዊ ወጣት ፈገግ ብሎ መጣ። «ከዲትሮይት ነህ?» አለኝ። «አይ፣ ከአዋሬ» አልኩት። አልገባውም፣ ኢትዮጵያ ብዬ አብራራሁ፣ ቅር አለው። እውነት ነው የምላችሁ፣ ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ፣ ልክ የገዛው ዕቃ ኦርጅናል አይደለም እንደተባለ ሰው። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ለማንኛውም ደማችሁ ውስጥ ነው» አለኝ። እኔ ደሜ ውስጥ ያለው፣ ሐኪሜ እንዳለኝ፣ ከፍ ያለ ስኳር ብቻ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ሙዚቃው ከዲትሮይት መምጣቱን የሚያውቅ ነው፣ ይኸም ትልቅ ነገር ነው። ግን ገረመኝ። አንዱ በረኛ ቀለሜን አይቶ (ይመስለኛል) አስቀረኝ፣ ይኸኛው ቀለሜን አይቶ ባለቤት አደረገኝ። ሁለቱም እኔን አላዩም። እኔ እኮ ያደግኩት በጥላሁን ነው።

በ2024 ጀርመን የበርሊንን ቴክኖ ባህል በሀገር አቀፍ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቧ ላይ አስገባች፣ በዩኔስኮ ኮሚሽኗ በኩል። የአክስቴ ልጅ ያኔ በደስታ መልእክት ልካልኝ ነበር፣ እኔም እንኳን ደስ አለሽ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ግን የጤፍ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ፣ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ስንት ዓመት እንደተናደድን ታስታውሳላችሁ። እርግጥ ይኸ እንደዚያ አይደለም፣ በርሊን አልሰረቀችም። የዲትሮይት ሰዎች ተጋብዘው መጡ፣ ተከፈላቸው፣ ሀገራቸው ያላከበረቻቸውን እዚህ ተከበሩ፤ ትሬዞርም ይኸን ደብቆ አያውቅም፣ ዝናው የቆመው በዚሁ ወዳጅነት ላይ ነው። ግን ሙዚቃው ሲያድግ ምን እንደሚሆን እዩ። ላቭ ፓሬድ የሚባለው የበርሊን የጎዳና ጭፈራ በ1989 ሲጀመር 150 ሰው ያህል ነበረው፣ በ1999 አዘጋጆቹ አንድ ሚሊዮን ተኩል ብለዋል። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው መሐል ቤልቪል የት እንደሆነች የሚጠይቅ ስንት አለ? ያን ሰሞን ደግሞ፣ አንደርግራውንድ ሪዚስታንስ ያወጣውን የሮላንዶን ዜማ (ሮላንዶ ዲትሮይት ያደገ የሜክሲኮ ዝርያ ነው፣ ነገሩ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ) አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ፈቃድ ሲከለከል ራሱ አስመስሎ አሠራው። ከየሀገሩ የተቃውሞ ኢሜይል ጎረፈ። ጨርቅ ያጠለቁት ሰዎች ለካ አውቀው ነው።

ስታይሉም ተቀይሯል፣ እሱንም ልንገራችሁ። ያን ሌሊት ምድር ቤቱ ውስጥ የነበረው ሙዚቃ በደቂቃ 150 ምት ሳይሞላ አይቀርም። ፈጣን፣ ደረቅ፣ ዜማ የሌለው። ወጣቶቹ ይኸን ነው የሚወዱት፣ የአጭር ቪዲዮ ትውልድ ናቸው፣ ቶሎ እንዲፈነዳላቸው ይፈልጋሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አዳመጥኩ፣ ጉልበቱን አደንቃለሁ፣ ግን ወገብ የለውም። ወገብ የሌለው ሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ ሀበሻ ይገባዋል። ሮበርት ሁድ በ1994 ሙዚቃውን ገፎ ገፎ አጥንቱን ብቻ ሲያስቀር እንኳ መወዛወዙን አልነካም ነበር። ግሎቡስ የሚባለው ክፍል ስንወጣ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ ቀዝቀዝ ያለ ምት፣ ከሥሩ ፒያኖ፣ አልፎ አልፎ የሴት ድምፅ። እዚያ ነው ፀጉሯ ሽበት የጀመረ ጥቁር ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ስትወዛወዝ ያየሁት። ጥቁር ኮፍያዋ ላይ በእንግሊዝኛ «ቴክኖን መልሰን ጥቁር እናድርገው» የሚል ተጽፏል። የትራምፕን ቀይ ኮፍያ ገልብጠው ያወጡት መፈክር ነው። አላናገርኳትም። አጠገቧ ቆሜ ግን ግማሽ ሰዓት ጨፈርኩ።

እዚያው አንድ ነገር ሆነ። ዲጄው ኪኩን (ወፍራሙን የከበሮ ምት) አራት አራት እያስመታ ላዩ ላይ ሃይሃቱን (ቀጭኑን የጸናጽል ድምፅ) በሦስት በሦስት የሚከፋፍል ሸክላ ጣለ። ጀርመን የተወለደችው ልጅ፣ አማርኛዋ «ጋሼ» እና «ብይልኝ» ላይ የሚያበቃው ልጅ፣ ትከሻዋ ተነሳ። ሳታስበው። እኔም ተከተልኳት። ችክችካ ነዋ! ስድስት ለስምንቱ ተደብቆ ቆይቶ ብቅ አለ። ዙሪያችን ያሉት ቦታ ለቀቁልን፣ እኛ በርሊን መሐል እስክስታ ወረድን። ያ ጭንቅላቱን የተላጨው ልጅ ይኸን ቢያይ «ደም» የሚለውን ንግግሩን በደገመልኝ ነበር። ደም አይደለም እኮ። የእናቷ ሠርግ ቪዲዮ ነው፣ የመስቀል በዓል አዳራሽ ነው፣ ሰባት ዓመቷ ሳለ አክስቴ ሳሎን ውስጥ «ትከሻሽን አውጪው» እያለች ያስተማረቻት ነው።

ባቡር ላይ ያሰብኩት ደግሞ ይኸን ነው፦ ኹዋን አትኪንስ ሜትሮፕሌክስ የሚለውን የራሱን አሳታሚ ዲትሮይት ውስጥ በከፈተበት በ1985፣ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን ይቀዳ ነበር። ሁለት ጥቁር ሰዎች፣ አንድ ሀገር፣ አንድ ዓመት፣ ተመሳሳይ ማሽን፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ሀገሩ ያያል። ፈረንጅ የኃይሉን ሥራ ፈልጎ እንደገና ያሳተመው በ2013 ነው፤ ኃይሉ እስከዚያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደገና ሙሉ የሚባለው ልጅ («ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው) እና ሚካኤል ሰይፉ መጡ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ክራርና ማሲንቆን ከማሽን ጋር ያስታረቁ ልጆች፣ ሸክላቸውን ያወጣላቸውም ዲሲ ያለ አሳታሚ ነው። ለቅሶ ቤት ላሉት እትዬ እነሱን ነው የማሰማቸው።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በፊት አትሂዱ፣ ባዶ ነው። ጥቁር ልበሱ፣ ጫማችሁ የሚያስቆም ይሁን፣ ተረከዝ ያለው ምድር ቤት አይሆንም። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ እኔ ይዤ ሄጄ እንኳ ሰኞ ድረስ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ጥሬ ገንዘብ አይጥፋችሁ። ጠርሙሱን ስትመልሱ ተቀማጭ ይመለስላችኋል፣ ወለል ላይ አትጣሉት። ክለብ ማቴ የሚባል መጠጥ አለ፣ አልኮል የለውም፣ ካፌይኑ ግን ከሦስተኛ ቡና አይተናነስም፤ እኔ ሁለት ጠጥቼ እስከ ጠዋት ቆምኩ። ቡድን ሆናችሁ እየጮኻችሁ አትሰለፉ። ከዲትሮይት የመጣ ዲጄ በፕሮግራሙ ላይ ያለበትን ሌሊት ምረጡ፣ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ሳጥኖቹን ሳትነኩ እንዳትወጡ።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ክለቡ አጥፍቶ ሳይሆን ጉልበቴን አይቼ ነው።

ጠዋት ባቡር ላይ ልጅቷ አፏን ከፍታ ተኝታ እማዬ ደወለች። «እንዴት ነበር?» አለች። «ጥሩ ነው እማ፣ ጨለማ ነበር ብቻ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው አላልከኝም እንዴ?» አለች፣ «እዚያም መብራት ይጠፋል?»